የኤሌክትሪክ መኪና ብራንዶችና የሬስ ዓለም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብራንድ ነው፣ የትኛው ባትሪው ይቆያል፣ የትኛው ዳገት ይወጣል፣ የትኛው መለዋወጫ ይገኝለታል። እኔ የኤሌክትሪክ ሬስ ስለምከታተል ደሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣብኛል፣ እነዚህ ብራንዶች ሬስ ላይ አሉ ወይ፣ ካሉስ ለኛ መኪና ምን ይጠቅመዋል የሚል። መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው የጻፍኩት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፎርሙላ ኢ ማለት ፎርሙላ ዋን በባትሪ ማለት ነው?

አይደለም፣ ራሱን የቻለ ሌላ ውድድር ነው። የሁለቱም የበላይ ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ኤፍአይኤ ቢሆንም መኪናውም ደንቡም ለየብቻ ነው። ሀሳቡ የተጠነሰሰው በ2011 ፓሪስ ውስጥ እራት ላይ ነው፣ የዛኔው የኤፍአይኤ ፕሬዝዳንት ዣን ቶድ እና ስፔናዊው ነጋዴ አሌሃንድሮ አጋግ ሲጫወቱ። የመጀመሪያው ሬስ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2014 ቤይጂንግ ኦሎምፒክ ፓርክ ውስጥ ተደረገ። ያንን ሬስ ያላየ ሰው ቢያንስ የመጨረሻዋን ኩርባ ፈልጎ ይይ፣ ኒኮላ ፕሮስት እየመራ ነው፣ ኒክ ሃይድፌልድ በጎን ሊያልፈው ገባ፣ ፕሮስት ወደሱ አጠፈበት፣ ተጋጩ፣ የሃይድፌልድ መኪና አየር ላይ ወጥቶ ተገልብጦ ከአጥሩ ጋር ተላተመ፣ ሰውየው ግን በራሱ እግር ወጣ፣ ከኋላ ሶስተኛ የነበረው ሉካስ ዲ ግራሲ አልፏቸው አሸነፈ። ከ2020–21 ሲዝን ጀምሮ ውድድሩ የዓለም ሻምፒዮና የሚል ደረጃ አግኝቷል።

ፍጥነቱን ካላችሁ ፎርሙላ ዋን ይበልጣል፣ በብዙ ይበልጣል። ሁለቱም ሞናኮ ላይ አንድ አይነት መንገድ ላይ ነው የሚሮጡት፣ በአንድ ዙር ያለው ልዩነት ከ15 ሰከንድ በላይ ነው። መነሻ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ጄን3 ኢቮ የሚባለው የፎርሙላ ኢ መኪና (ጄን3 ማለት ሶስተኛው ትውልድ፣ ኢቮ ደሞ የሱ የተሻሻለው ማለት ነው) ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የሚፈጅበት 1.82 ሰከንድ ነው፣ ይሄን የፎርሙላ ዋን መኪና አያደርገውም። ኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ከዜሮ ጀምሮ ስለሚሰጥ ነው፣ ደሞ ኢቮ ላይ መነሻ ላይ አራቱም ጎማ ይጎትታል።

የኤሌክትሪክ ሬስ የዘመኑ ፋሽን ነው እንዴ?

ኧረ አይደለም። በመኪና ታሪክ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈው ራሱ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ ቤልጂየማዊው ካሚል ዠናትዚ በ1899 ፓሪስ አጠገብ 105.88 ገባ። ከዛ ነዳጅ ስለረከሰና ባትሪ ስላልተሻሻለ መቶ ዓመት ተረሳ እንጂ አዲስ ነገር አይደለም።

መኪኖቹ ሁሉ አንድ አይነት ናቸው፣ ታዲያ ብራንዶቹ በምን ይለያያሉ?

ይሄ የሁሉም ጥያቄዎች እናት ነው፣ ይሄ ከገባችሁ የቀረው ይገባችኋል። ፎርሙላ ኢ ላይ የመኪናው አካል አንድ ነው፣ ስፓርክ የሚባለው ኩባንያ ነው ለሁሉም የሚሰራው። ባትሪውም ለሁሉም አንድ ነው። ጎማውም አንድ ነው፣ በጄን3 ዘመን ሃንኩክ። የፊቱ ሞተርም አንድ ነው፣ እሱን የሚያቀርበው ደሞ ሉሲድ ነው፣ ሳዑዲ ያላችሁ ስሙን ሳታውቁት አትቀሩም፣ ጂዳ አቅራቢያ መገጣጠሚያ ያለው የአሜሪካው ብራንድ። ፖርሽ፣ ጃጓር፣ ኒሳን፣ ማሂንድራ ወዘተ የራሳቸውን የሚሰሩት የኋላውን ክፍል ነው፣ ሞተሩን፣ ኢንቨርተሩን፣ ካምቢዮውን፣ እና ከሁሉም በላይ ሶፍትዌሩን።

ኢንቨርተር ማለት ከባትሪው የሚወጣውን ኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደሚፈልገው አይነት የሚቀይረው ሳጥን ነው፣ እናንተ ቤት ያለው መኪናም ውስጥ አለ። በየቅያሬው ትንሽ ትንሽ ኃይል ወደ ሙቀት ተቀይሮ ይባክናል። የነዳጅ ሞተር ከነዳጁ ከግማሽ በላዩን በሙቀት የሚያባክን ሲሆን እነዚህ የሬስ ሞተሮች ግን ከ95 በመቶ በላይ ወደ ጎማ ያደርሳሉ፣ ስለዚህ ጃጓርና ፖርሽ የሚፋለሙት በቀረችው በጣም ትንሽ ቦታ ላይ ነው። ለኛ ለተመልካች አይታይም፣ መኪናው ግን በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ይቆጥባል፣ መጨረሻው አምስት ዙር ላይ ያቺ የተቆጠበችው ነገር ማለፊያ ትሆናለች።

ደሞ ማርካ ብቻ እንደማያሸንፍ ማየት ከፈለጋችሁ 2022–23 ሲዝንን እዩ። ኢንቪዥን የሚባለው ቡድን የራሱ ሞተር የለውም፣ ከጃጓር ነው የሚገዛው፣ በዛው በጃጓር ሞተር ጃጓርን ራሱን አሸንፎ የቡድን ሻምፒዮን ሆነ። በዛው ዓመት የሾፌሮቹን ዋንጫ የወሰደው ጄክ ዴኒስ ደሞ የአንድሬቲ ቡድን ልጅ ነው፣ አንድሬቲ ከፖርሽ ሞተር ገዝቶ የፖርሽን ዋናውን ቡድን በለጠው። ለኔ ይሄ ከዋንጫው በላይ ነው የሚገርመኝ፣ አንድ አይነት ብረት ይዘህ አጠቃቀሙን ያወቀ ይበልጥሃል።

ሬሱ መሃል ባትሪው አልቆ የሚቆም መኪና አለ?

አለ፣ እና ስፖርቱን የሚያጣፍጠው እሱ ነው። ፌብሩዋሪ 2019 ሜክሲኮ ሲቲ፣ ፓስካል ቬርላይን በህንዱ ማሂንድራ መኪና ከመጀመሪያው ሲመራ ቆየ፣ ዲ ግራሲ ከኋላው እንደ ጥላ ተለጥፎበታል። ሁለቱ የኒሳን መኪኖች ኦሊቨር ሮውላንድና ሴባስቲያን ቡኤሚ ስሌቱ ስላመለጣቸው ሬሱ ሳያልቅ ባትሪያቸው አልቆ ቆሙ። ቬርላይንም እያለቀበት ነው፣ የመጨረሻዋ ቀጥታ መንገድ ላይ መስመሩ ፊቱ እያየው መኪናው ደከመ፣ ዲ ግራሲ በጎኑ አልፎት በ0.210 ሰከንድ አሸነፈ። ቬርላይን በ2023–24 በፖርሽ፣ ሮውላንድ በ2024–25 በዛው በኒሳን የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፣ የዛን ቀን ባትሪ ያለቀባቸው ሁለት ልጆች ማለት ናቸው።

ሌላው ቫሌንሲያ ነው፣ ኤፕሪል 2021። ዝናብ ነበር፣ ሴፍቲ ካር (አደጋ ሲኖር ከፊት ሆኖ መኪኖቹን ቀስ ብሎ የሚያስነዳው መኪና) ደጋግሞ ወጣ፣ ሴፍቲ ካር በወጣ ቁጥር ደሞ በዛን ጊዜው ደንብ ከእያንዳንዱ መኪና ላይ ኃይል ይቀነሳል። ሬሱ የዛኔ በዙር ሳይሆን በሰዓት ነበር የሚለካው፣ መሪው ዳ ኮስታ ሰዓቱ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት መስመሩን ስላለፈ አንድ ተጨማሪ ዙር ግዴታ ሆነ፣ ያችን ዙር የሚያዞር ኃይል ደሞ አብዛኛው ሰው ጋ አልነበረም፣ መኪኖቹ እየተንፏቀቁ መንገድ ላይ መቆም ጀመሩ፣ የቆጠበው ኒክ ደ ፍሪስ በመርሴዲስ አልፏቸው ሄደ። ብዙ ሰው የዛን ቀን ፎርሙላ ኢን ተሳደበ፣ ይሄ ሬስ ነው ወይ አለ። እኔ ግን ሬስ ማለት እሱ ነው ባይ ነኝ፣ ደሞዝን እስከ ወር መጨረሻ ማድረስ ማለት ነው፣ ያለህ ለሁሉም እኩል ተሰጥቶሃል፣ ማን አብቃቅቶ ይደርሳል ነው ጥያቄው።

የባትሪው መጠን ራሱ ያስደነግጣል። ጄን3 ኢቮ ለሬስ የሚፈቀድለት 38.5 ኪሎዋት አወር ነው፣ አዲስ አበባ በየሰፈሩ የምናያት ትንሿ ቢዋይዲ ሲገል ባለ ትልቁ ባትሪዋ 38.88 ነው ያላት። በሲገል ባትሪ ልክ ነው እንግዲህ ሰውየው በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ሬስ የሚጨርሰው።

መሃል ላይ ቻርጅ አያደርጉም?

ድሮ መኪና ይቀይሩ ነበር። እውነቴን ነው፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ሲዝኖች ላይ ሾፌሩ ሬሱ መሃል ወደ ፒት (ከመንገዱ ዳር ያለው የቡድኖቹ መቆሚያ) ገብቶ ከአንዱ መኪና ዘሎ ወርዶ ቻርጅ የተደረገ ሌላ መኪና ውስጥ ይገባል፣ ባትሪው 28 ኪሎዋት አወር ብቻ ስለሆነ አያደርስም ነበር። በ2018 ጄን2 ሲመጣ 54 የሚጠጋ ባትሪ መጣ፣ መቀያየሩ ቀረ፣ ያንን ባትሪ ከማክላረን ጋር የሰራው ደሞ የሉሲድ የቴክኖሎጂ ክፍል አቲቫ ነበር።

አሁን ፒት ቡስት የሚባል አለ፣ መጀመሪያ የተሞከረው ፌብሩዋሪ 2025 ጂዳ ላይ ነው። መኪናው ገብቶ ይቆማል፣ እስከ 600 ኪሎዋት በሚደርስ ኃይል ለ30 ሰከንድ ይሞላል፣ 3.85 ኪሎዋት አወር ይዞ ይወጣል፣ ከሬሱ ኃይል አስር በመቶ። በቤት ቻርጀር አስሉት፣ ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ያላችሁ ይችኑ ለመሙላት ከግማሽ ሰዓት በላይ ትጠብቃላችሁ።

ፍሬን ሲያዝ ባትሪ ይሞላል የሚባለው እውነት ነው ወይስ የነጋዴ ወሬ?

እውነት ነው፣ እናንተም መኪና ላይ አለ፣ ሬስ ላይ ግን ልኩን ያልፋል። ሞተሩ ጎማውን ከማዞር ይልቅ ጎማው ሞተሩን ሲያዞረው ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪ ይመልሳል፣ መኪናውም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጄን3 በዚህ መንገድ እስከ 600 ኪሎዋት መመለስ ይችላል፣ ሬስ ላይ ከሚጠቀመው ኃይል 40 በመቶ አካባቢው ከፍሬን የተመለሰ ነው፣ ሲነደፍ የኋላ ጎማው ላይ የተለመደው የዘይት ፍሬን ጭራሽ አልነበረውም፣ ሞተሩ ራሱ ነው የሚያቆመው።

እኛ ሀገር ይሄ ነገር ትልቅ ጥቅም አለው፣ ሀገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነውና። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ከፍታ ሲወጣ ለከፍታው ብቻ ከግማሽ ኪሎዋት አወር ትንሽ በለጥ ያለ ይበላል፣ ሲወርድ የዚህን ጥሩ ድርሻ ይመልሳል። ከአዲስ አበባ አዳማ ስትወርዱ ባትሪው ትንሽ ቀንሶ ስትመለሱ ብዙ የሚበላው ለዚህ ነው፣ መኪናው አልተበላሸም። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ባትሪው 100 ሞልቶ እንጦጦ ላይ ካደራችሁና ጠዋት ወደ ሽሮ ሜዳ ከወረዳችሁ የሚመለሰው ኃይል መግቢያ ስለሌለው መኪናው በሞተር መያዙን ይተወዋል፣ ፔዳሉን ስትለቁ እንደለመዳችሁት አይጎትትም፣ ስራው በሙሉ ወደ እግር ፍሬን ይዞራል። ቁልቁለት የሚጠብቀው ሰው 100 ባይሞላ ይሻለዋል።

የኤሌክትሪክ መኪና ለከፍታ ቦታ ይሻላል የሚሉት ከምን ተነስተው ነው?

ከፓይክስ ፒክ። ኮሎራዶ አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ የሚደረግ ተራራ የመውጣት ሬስ ነው፣ 19.99 ኪሎ ሜትር፣ 156 ኩርባ፣ መጨረሻው 4,302 ሜትር ላይ፣ ከራስ ዳሽን ጫፍ ብዙም የማያንስ። እዛ ላይ አየሩ ስስ ነው። የነዳጅ ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይደክማል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ አካባቢ ጉልበት ያጣል፣ አዲስ አበባ ላይ እንኳን ከ20 በመቶ በላይ አጥቷል ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፣ ታች ያለው ጉልበት ላይም አለ።

በ2015 ራይስ ሚለን በኤሌክትሪክ መኪና ፓይክስ ፒክን በአጠቃላይ አሸነፈ፣ የመጀመሪያው ነው። ጁን 24 ቀን 2018 ደሞ ሮማን ዱማ በቮልስዋገን አይዲ አር 7 ደቂቃ ከ57.148 ሰከንድ ገባ፣ የሴባስቲያን ሎብን የነዳጅ ሪከርድ ከ16 ሰከንድ በላይ ቆረጠለት፣ ከ8 ደቂቃ በታች የገባ ከሱ በፊት ማንም አልነበረም። መኪናው ከ1,100 ኪሎ በታች ነው የሚመዝነው፣ 500 ኪሎዋት ያወጣል። ቡድኑ ትልቅ ባትሪ መጫን ይችል ነበር፣ አልጫነም፣ ለ20 ኪሎ ሜትር የሚበቃውን ብቻ ነው የያዘው፣ የተረፈ ባትሪ ሸክም ነው።

እዚህ ጋ መስተካከል ያለበት ነገር አለ፣ አይዲ 4 እና አይዲ 6 የያዛችሁ ሰዎች የኔ መኪና የአይዲ አር ታናሽ ነው እያላችሁ ነው። የሚጋሩት ስሙን ነው። ቮልስዋገንም የሬስ ክፍሉን ለመዝጋት በ2020 ወስኗል። ስስ አየር ሌላም ነገር አለው፣ ማቀዝቀዝ ላይ ይሰንፋል፣ ከ2,200 ሜትር በላይ ያለችው ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ቡድኖች ስለ ባትሪ ሙቀት የሚጨነቁት አንዱ ለዚህ ነው። ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ጋር ስለሚቀራረብ እኔ የሜክሲኮን ሬስ በተለየ ዓይን ነው የማየው።

ቢዋይዲ ያን ያህል ትልቅ ከሆነ ለምን ሬስ ላይ አይታይም?

ፎርሙላ ኢ ላይ ቡድን ኖሮት አያውቅም፣ ስሙን እያስጠራ ያለው በሪከርድ ነው። ሴፕቴምበር 2025 ላይ ጀርመን ፓፐንቡርግ በሚባል የመሞከሪያ ሜዳ ያንግዋንግ ዩ9 ኤክስትሪም የሚባለው መኪናው በሰዓት 496.22 ኪሎ ሜትር ገባ፣ 3,000 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት፣ አራት ሞተር። ኑርበርግሪንግ ላይም 6 ደቂቃ ከ59.157 ሰከንድ ዞረ። ከ30 በላይ እንደማይመረት ነው የተነገረው።

ስልክ የሚሰራው ሻዎሚም እዛው ኑርበርግሪንግ ላይ ነው ስሙን የተከለው፣ ኤስዩ7 አልትራ ለገበያ በሚሸጠው መልኩ 7 ደቂቃ ከ04.957 ገብቷል፣ ከፖርሽ ታይካን ቱርቦ ጂቲ 7 ደቂቃ ከ07.55 በልጦ። አራት በር ያለው መኪና ነው እያወራን ያለነው። ኑርበርግሪንግ ማለት ጀርመን ተራራ ውስጥ ያለ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ ነው፣ ብራንዶች ሁሉ እዛ ሄደው ነው ሰዓት የሚያስመዘግቡት።

ይሄ ሁሉ ያስከብራል፣ ግን ሪከርድና ሬስ ይለያያሉ። ሪከርድ የምትሰብረው ጥሩ ቀን መርጠህ፣ ባትሪውን በሚፈልገው ሙቀት አድርገህ፣ ለአንድ ዙር ነው። ሬስ ግን በተሰጠህ ቀን፣ አጠገብህ ሌላ 19 መኪና እየተጋፋህ፣ ባትሪው እየጋለ፣ ሠላሳ አርባ ዙር ነው። የቻይና ብራንዶች ሬሱ ውስጥ በሙሉ ልብ ቢገቡ በጣም ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ዛሬ በዓለም ብዙ የኤሌክትሪክ መኪና የሚሰሩት እነሱ ናቸው።

ገብቶ የሚያውቅም አለ። ኒዮ። ኖቬምበር 2014 ሲቋቋም ኔክስትኢቪ ነበር ስሙ፣ ለሰው የሚሸጥ አንድም መኪና ሳይሰራ የመጀመሪያው ሲዝን ላይ ሾፌሩ ኔልሰን ፒኬ ጁኒየር በ144 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ፣ ቡኤሚ 143፣ በአንድ ነጥብ! ከዛ በኋላ ግን ቡድኑ እዛ ደረጃ ተመልሶ አልደረሰም፣ የኒዮ ስምም 2023 ላይ ከውድድሩ ወጣ።

ቴስላስ?

ቴስላ የፋብሪካ የሬስ ቡድን የለውም። በግል የሚነዱ ሰዎች ሞዴል ኤስ ፕሌድን ፓይክስ ፒክ ወስደዋል፣ ኩባንያው ራሱ ኑርበርግሪንግ ላይ በ2023 7 ደቂቃ ከ25.231 አስመዝግቧል፣ ከዛ ውጪ ሬስ ሳይነካ ነው ዓለምን ያዳረሰው። ስለዚህ ሬስ ያልገባ ብራንድ መኪና መስራት አይችልም የሚል ሰው ካለ ቴስላን አሳዩት። በሌላ በኩል የድሮው ሞዴል ኤስ ትራክ ላይ ትንሽ ዙር ከዞረ በኋላ ሙቀት ስለሚበዛበት ጉልበቱን ይቀንስ ነበር፣ ፖርሽ ታይካንን ሲያወጣ ደጋግሞ መሮጥ ላይ አተኩሮ የመጣው ያንን ክፍተት አይቶ ነው።

አውዲ፣ ቢኤምደብሊው፣ መርሴዲስ ለምን ጥለው ሄዱ?

አውዲና ቢኤምደብሊው በ2021፣ መርሴዲስ በ2022። ቢኤምደብሊው በግልጽ የተናገረው ከዚህ ውድድር ለሽያጭ መኪናዬ የምወስደውን ቴክኖሎጂ ጨርሻለሁ የሚል ነው። ባትሪው የጋራ ስለሆነ እውነት አለው፣ ባትሪ ላይ ምርምር ማድረግ የሚፈልግ ብራንድ እዚህ ውድድር ውስጥ ቦታ የለውም፣ ለኔ የፎርሙላ ኢ ትልቁ ድክመት ይሄ ነው፣ ወጪ ለመቀነስ ብለው የመኪናውን ልብ ከውድድሩ ውጪ አደረጉት። መርሴዲስ ሁለት ዓመት በተከታታይ የሾፌርም የቡድንም ዋንጫ ወስዶ ወጣ፣ ቡድኑን ማክላረን ተረከበ፣ ማክላረንም በ2025 ለቀቀ።

አውዲ ወደ ዳካር ራሊ ሄደ። አርኤስ ኪው ኢትሮን የሚባለው መኪናው ጎማውን የሚያዞረው በኤሌክትሪክ ነው፣ በረሃ ላይ ቻርጀር ስለሌለ መኪናው ውስጥ ያለ የቤንዚን ሞተር ጀነሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ጃንዋሪ 2024 ሳዑዲ በረሃ ላይ ትልቁ ካርሎስ ሳይንዝ፣ የፎርሙላ ዋኑ ሾፌር አባት፣ በ61 ዓመቱ አሸነፈበት።

ባትሪው ቢቃጠልስ?

ተቃጥሎ ያውቃል። ማርች 2019 ስፔን ሄሬዝ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተርሳይክሎች ውድድር ሞቶኢ ሊጀመር ሲል ሌሊት እሳት ተነስቶ 18ቱም ሞተሮች ነደዱ፣ ውድድሩ ተራዝሞ በዛው ዓመት ተጀመረ። ጁላይ 2023 እንግሊዝ ሊደን ሂል ላይ ደሞ የራሊክሮስ ሁለት የላንቺያ መኪኖች ከነድንኳናቸው ወደሙ። ሁለቱም ጊዜ እሳቱ የተነሳው መኪና ማቆያው ውስጥ እንጂ ሬስ ላይ አይደለም።

ፎርሙላ ኢ መኪና ላይ መብራት አለ፣ አረንጓዴ ከሆነ መንካት ይቻላል፣ ቀይ ከሆነ ሰራተኛው ወፍራም የኤሌክትሪክ ጓንት ሳያደርግ አይጠጋም። ቀይ ከበራ ሾፌሩም ሲወርድ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነካ ዘሎ ነው የሚወርደው። የናንተ መኪና ላይ እንዲህ አይነት መብራት ስለሌለ አንድ ነገር ያዙ፣ ኮፈኑ ስር የምታዩት ብርቱካናማ ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ ግጭት ከደረሰ በኋላ እሱን የሚነካ ሰው የሰለጠነ ብቻ ይሁን፣ የሰፈር ጋራዥ ልጅ በእጁ እንዳይነካው።

ወደኛ አካባቢ መጥቶ ያውቃል?

አፍሪካ ላይ መጀመሪያ የተደረገው ማራካሽ ነው፣ 2016። ፌብሩዋሪ 2023 ላይ ኬፕታውን ላይ አንድ ጊዜ ተደረገ፣ የፖርሹ ዳ ኮስታ አሸነፈ፣ ከዛ አልተደገመም፣ ያሳዝናል። ሴኔጋልም በ2021 ኤክስትሪም ኢን አስተናግዳለች፣ እሱ ደሞ በኤሌክትሪክ ጂፕ አሸዋና ጭቃ ላይ የሚደረግ፣ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ወንድና አንድ ሴት ሾፌር የሚያሰልፍበት ውድድር ነበር። ሳዑዲ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፣ ከዲሴምበር 2018 እስከ 2024 ሪያድ አጠገብ ዲሪያ ላይ ይደረግ ነበር፣ ከ2025 ጀምሮ ጂዳ ባህር ዳርቻ ላይ ማታ በመብራት ይደረጋል።

አዲስ አበባስ የሚለኝ ሰው አለ። መኪናው ከፍታውን ይችለዋል፣ ሜክሲኮ ምስክር ነች፣ ኃይሉም ከውሃ የሚመጣ ንጹህ ኃይል ነው፣ የሕዳሴ ግድብ በሴፕቴምበር 2025 ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት ተብሏል። የሚጎድለው ኤፍአይኤ የሚያጸድቀው መንገድ፣ አጥሩ፣ የህክምና ዝግጅቱ፣ እና በጣም ብዙ ገንዘብ ነው። ከዛ በፊት ልጆች በኤሌክትሪክ ጎካርት የሚለማመዱበት አንድ ጥሩ ሜዳ ቢኖረን እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ታዲያ መኪና ስገዛ የብራንዱን የሬስ ታሪክ ልይ?

ዋንጫውን አትዩ፣ ሬሱ ያስተማረውን ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። አንደኛ ባትሪው በፈሳሽ ነው የሚቀዘቅዘው ወይስ በአየር፣ ሻጩ ካላወቀ ሌላ ሰው ጠይቁ፣ በተለይ ድሬዳዋ ወይ አፋር የምትነዱ ሰዎች ይሄ ከስክሪኑ ስፋት በላይ ነው። ከዛ ሶፍትዌሩ እዚህ ሀገር የሚያድሰው ሰው አለ ወይ፣ ከቻይና ገበያ በቀጥታ የመጣ መኪና ላይ ይሄ ራስ ምታት ነው፣ ቋንቋው ብቻ አይደለም። የባትሪ ዋስትናውን ማን ነው የሚሰጠው፣ ፋብሪካው ወይስ አስመጪው። የፈረስ ጉልበቱን መጨረሻ ላይ ጠይቁ፣ ባትጠይቁትም ይሆናል። ሬስ ላይ ያለ ብራንድ ከሬስ ውጪ ካለው ይሻላል የሚል ነገር የለም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ጋራዥ የሌለው ሻምፒዮን ለናንተ ምንም አያደርግላችሁም።

ቀጥሎ የሚመጣው መኪና ምን አዲስ ነገር አለው?

ጄን4 ይባላል፣ ከ2026–27 ሲዝን ጀምሮ ነው የሚሮጠው። እስከ 600 ኪሎዋት ያወጣል፣ ጄን3 ጣሪያው 350 ነበር፣ አራቱም ጎማ ደሞ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ ይጎትታል፣ በፍሬን የሚመልሰውም ወደ 700 ኪሎዋት ያድጋል። ፖርሽ፣ ጃጓር፣ ኒሳን እና ማሂንድራ እንቀጥላለን ብለዋል። አዲስ ለምትጀምሩ ሰዎች ከሜክሲኮ ሬስ ጀምሩ፣ መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ማን ኃይል እየቆጠበ ማን እያባከነ እንደሆነ በደንብ ይታያል፣ ስክሪኑ ላይ ከየሾፌሩ ስም አጠገብ የምትወጣውን የባትሪ በመቶኛ ተከታተሉ፣ አንደኛ ያለው ሰው በመቶኛው ከሶስተኛው ካነሰ መጨረሻው ዙር ሳይደርስ ከቲቪው እንዳትነሱ።